የጊት ሪፖ ክሎን አድርገን ሴትአፕ ስናስኬድ ሁኩ አይሠራም፤ በሦስት ማሽን ሦስት ዓይነት ችግር

የጠባሴ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ያለነው ደብረ ብርሃን ነው፣ አንዱ ልጅ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ነው። የሰሜን ሸዋ ወረዳዎችን የገብስ፣ የስንዴና የማሾ ዋጋ በየሳምንቱ የሚመዘግብ ፕሮግራም እየሠራን ነው፤ ኮዱንም ዳታውንም የምንይዘው በጊት (የፋይል ለውጥ ታሪክ በሚይዘው ፕሮግራም) ነው። ዳታው ለየወረዳው አንድ ሲኤስቪ ፋይል ነው፣ ስማቸውም በአማርኛ ነው፤ «አንኮበር»፣ «ባሶና ወራና»፣ «መንዝ ጌራ»፣ «ሞረትና ጅሩ» እያለ ይሄዳል። ከኮሚት በፊት (ለውጡ ታሪክ ውስጥ ከመመዝገቡ በፊት) ዋጋው ቁጥር መሆኑን፣ ባዶ ረድፍ አለመኖሩን የሚያይ የፕሪ-ኮሚት ሁክ (ጊት ራሱ የሚያስነሣው ስክሪፕት) አለን። ሪፖው (የፕሮጀክቱ የጊት ፎልደር) ውስጥ «ሁክስ» የሚባል ፎልደር ነው ያለው። ክሎን ያደረገ (ሪፖውን የገለበጠ) ሰው የሚያስኬደው ሴትአፕ ስክሪፕት ደግሞ ኮር.ሁክስፓዝን (ጊት ሁክ የት እንደሚፈልግ የሚነግረውን ኮንፊግ) ወደዚያ ፎልደር ማዞር አለበት።

ችግሩ እነሆ። የኔ ላፕቶፕ ኡቡንቱ ነው፤ ሴትአፑን አስኬዳለሁ፣ ጨረስኩ ይላል፣ ከዚያ ኮሚት ሳደርግ ሁኩ ጭራሽ አይነሳም። ኤረር የለም፣ ምንም የለም። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ኔት ስለሚያስቸግረው ሪፖውን በፍላሽ ነው የሚወስደው፤ እሱም ኡቡንቱ ነው፤ ሁክስፓዙን በእጁ አስገብቶ ሲሞክር «ሁኩ ኤክስኪዩተብል ስላልሆነ ታልፏል» የሚል ሂንት መጣበት፣ ቻሞድ ሲያደርገው (የማስኬድ ፈቃድ ሲሰጠው) ደግሞ «ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» አለው። ፋይሉ እዚያው ቁጭ ብሎ! ቢሮ ያለው ዊንዶውስ ላይ ሁኩ ይነሳል፣ ግን የአማርኛ ስም ያላቸውን ፋይሎች በሙሉ አላገኘኋቸውም ብሎ ኮሚቱን ይከለክላል።

ሁኩን አጥፉትና ተገላገሉ የሚሉን አሉ። እኔ ግን እንዲቀር አልፈልግም። ገበሬ አይቶት እህሉን የሚሸጥበት ዋጋ ነው፣ አንድ ዜሮ ተጨምሮ ቢወጣ ጉዳቱ የሰው ነው። እባካችሁ እርዱን።

ጣርማበር_ዴቭ፦

እህቴ ለጊዜው ሥራው እንዳይቆም «ጊት ኮሚት --ኖ-ቬሪፋይ» እያላችሁ (ሁኩን አልፎ ኮሚት ያደርጋል) ቀጥሉ፣ ሁኩን ቀስ ብላችሁ ታስተካክሉታላችሁ።

የሞላሌው፦

አልስማማም ወንድሜ። ኖ-ቬሪፋይ አንዴ ከተለመደ በቃ፣ የቡድኑ ልማድ ይሆንና ሁኩ ቢስተካከልም የሚያስነሳው ሰው አይኖርም። ከዚህ ቀደም አብሬ በሠራሁበት ቡድን ይኸው ነው የሆነው። ደግሞ የጠባሴ ልጅ ማሽን ላይ ኖ-ቬሪፋይ ምንም አይጠቅማትም፣ ሁኩ መች ተነሣና።

ሦስቱም የተለያየ በሽታ ነው፣ አንድ መድኃኒት አትፈልጉለት። አንቺ ካንቺ ማሽን ጀምሪ። ሁክ አልነሣም ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ ስክሪፕቱ ምን ሆነ አይደለም፤ ጊት ሁኩን የት ነው የሚፈልገው ነው። እነዚህን ሁለቱን አስኪጂና ውጤቱን እዚህ ለጥፊው፦

ጊት ሬቭ-ፓርስ --ጊት-ፓዝ ሁክስ

ጊት ኮንፊግ --ሾው-ኦሪጂን --ጌት ኮር.ሁክስፓዝ

የመጀመሪያው ጊት አሁን የሚያየውን ፎልደር ይነግርሻል። ሁለተኛው ያ ቦታ የተጻፈው በየትኛው የኮንፊግ ፋይል ውስጥ እንደሆነ ያሳይሻል። ሪፖው ውስጥ ካለው ኮንፊግ ከሆነ ጥሩ። ከሆም ፎልደርሽ ካለው ግሎባል ኮንፊግ ከሆነ ግን ሴትአፑ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው።

የጠባሴ_ልጅ፦

አስኬድኩት። ከሆም ፎልደሬ ካለው ኮንፊግ ነው የመጣው! የሚያመለክተውም ድሮ እሠራበት የነበረ ፕሮጀክት ፎልደር ነው፣ ፎልደሩ ራሱ አሁን የለም። ግን ሴትአፕ ስክሪፕቱ ሁክስፓዝን የሚያስገባ መስመር አለው፣ በዓይኔ እያየሁት ነው። ለምን አልጻፈውም? መስመሩ ያለው «ኢፍ [[ -ዲ .ጊት ]]» በሚለው ውስጥ ነው።

የሞላሌው፦

አገኘነው። ሴትአፑን እንዴት ነው የምታስኬጂው? «ሽ ሴትአፕ.ሽ» ብለሽ ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ኡቡንቱ ላይ ሽ ማለት ባሽ አይደለም፣ ዳሽ ነው (ሁለቱም ስክሪፕት የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች ናቸው)፤ በፈረንጅ ከ2006ቱ ከ6.10 ቨርዥን ጀምሮ እንደዚያ ነው። ዳሽ ደግሞ ድርብ ቅንፉን አያውቀውም። «[[: ኖት ፋውንድ» የሚል አንድ መስመር ይተፋና ኢፉን ሐሰት አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ከዚያ ውስጡን ዘሎ ይቀጥላል። ስክሪፕቱ አልሞተም፣ መጨረሻው ላይም «ጨረስኩ» ይላል። ያቺ መስመር ከሌላ ጽሑፍ ጋር ስለምትሮጥ ዓይን አያያትም።

ሁክስፓዝሽ ወደሌለ ፎልደር ሲያመለክት ጊት አይጮህም፤ ሁክ የለም ብሎ ዝም ብሎ ያልፋል። ለዚህ ነው ምንም ኤረር ያላየሽው።

የሚደረገው፦ ስክሪፕቱን በባሽ አስኪጂው፣ ሪድሚው ውስጥም «ሽ» የሚለውን «ባሽ» አድርጉት። የተሻለው ግን ድርብ ቅንፉን ነጠላ ማድረግ ነው፣ ያኔ በሁለቱም ይሠራል። ከላይ «ሴት -ኢ» ጨምሩበት፣ ምክንያቱም ከሚወድቁት ትእዛዞች በኋላ ዝም ብሎ የሚቀጥል ሴትአፕ ከሌለ ሴትአፕ ይብሳል። ልብ በሉ፣ ሴት -ኢ ኢፍ ውስጥ ያለን መውደቅ አይዝም፤ ስለዚህ በስተመጨረሻ ላይ ሁክስፓዙን መልሳችሁ አንብባችሁ «ሁክስ» ካልሆነ በኤረር የሚወጣ መስመር ጨምሩ። የድሮውን ግሎባልም አጥፊው፣ «ጊት ኮንፊግ --ግሎባል --አንሴት ኮር.ሁክስፓዝ»። ነገ ሌላ ሪፖ ላይ ይዞሽ ይመጣል።

አንኮበሬው፦

እግረ መንገዴን፣ ኮር.ሁክስፓዝ ከጊት 2.9 በፊት የለም፣ እሱ የወጣው በፈረንጅ 2016 ነው። አሮጌ ሰርቨር ያላችሁ ቨርዥኑን እዩ።

የሸዋ ሮቢቱን ልጅ ነገር ልመልስ። «ፋይሉ እያለ የለም ይላል» የሚባለው ኤረር ሰውን የሚያሳብድ ነው ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው። የለም የተባለው ሁኩ አይደለም። የሁኩ የመጀመሪያ መስመር የሚጠራው ፕሮግራም ነው የለም የተባለው። ዊንዶውስ ላይ ያለው ኤዲተር መስመር ሲጨርስ ከኒውላይኑ በፊት አንድ የማይታይ ካሬጅ ሪተርን ያስቀምጣል። ሊኑክስ ያንን የመጀመሪያ መስመር (ሼባንጉን) ሲያነብ ያንን የማይታይ ምልክት የስሙ አካል አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ «ባሽ» ሳይሆን «ባሽና አንድ የማይታይ ነገር» የሚባል ፕሮግራም ይፈልጋል። እንደዚያ የሚባል ፕሮግራም የለም።

ለማረጋገጥ «ሄድ -1 ሁክስ/ፕሪ-ኮሚት» አስኪዱና ወደ «ካት -ኤ» ላኩት። ጤነኛ መስመር በዶላር ምልክት ብቻ ያልቃል። ከዶላሩ በፊት የኮፍያ ምልክትና «ኤም» ካያችሁ እሱ ነው።

ማስተካከያው በአንድ ማሽን ላይ ሳይሆን ሪፖው ውስጥ መሆን አለበት። «.ጊትአትሪቢውትስ» ፋይል ውስጥ እንዲህ ጻፉ፦

ሁክስ/* ቴክስት ኢኦኤል=ኤልኤፍ

ከዚያ «ጊት አድ --ሪኖርማላይዝ .» ብላችሁ ኮሚት አድርጉ። ዊንዶውሱ ላይ ኦቶሲአርኤልኤፍ (የመስመር መጨረሻን የሚለውጠው ኮንፊግ) ምንም ሆነ ምን ከዚያ በኋላ እነዚህ ፋይሎች በኤልኤፍ (ያለ ካሬጅ ሪተርን) ነው የሚወጡት። ዶስ-ቱ-ዩኒክስ የሚሉት ፕሮግራም አንድ ፋይል ያድናል፣ ነገ ግን ያ ዊንዶውስ ያለው ሰው አንድ መስመር ሲነካ ይመለሳል።

የጠባሴ_ልጅ፦

የሞላሌው ተባረክ፣ የኔ ማሽን ላይ ሁኩ ተነሣ! አንኮበሬው ያልከውንም ለልጁ ላኩለት፣ ልክ እንዳልከው ኤም አየበት። ግን ኤክስኪዩተብል ያለመሆኑ ነገርስ? እሱ ቻሞድ ሲያደርገው ይስተካከላል፣ በሚቀጥለው አዲስ ክሎን ግን ይመለሳል።

አንኮበሬው፦

ፐርሚሽኑ ኮሚት ስላልተደረገ ነው። «ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ -ኤስ ሁክስ» በሉ። መጀመሪያ ላይ 100644 ካያችሁ ጊት ያወቀው ተራ ፋይል መሆኑን ነው። መሆን ያለበት 100755 ነው። ፋይሉ ከዊንዶውስ ስለተጨመረ ነው እንደዚያ የሆነው፤ እዚያ እንደ ሊኑክስ ያለ ኤክስኪዩት ፐርሚሽን ስለሌለ ጊት አይመዘግበውም። ከየትኛውም ማሽን፣ ከዊንዶውሱም ጭምር፦

ጊት አፕዴት-ኢንዴክስ --ቻሞድ=+ኤክስ ሁክስ/ፕሪ-ኮሚት

ብላችሁ ኮሚትና ፑሽ (ወደ ሰርቨሩ መላክ)። ከዚያ ክሎን ያደረገ ሁሉ ከነፈቃዱ ይደርሰዋል።

ስለ ፍላሹ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ፍላሽ ብዙውን ጊዜ ኤክስፋት ወይም ፋት32 ነው፣ እነዚህ የሊኑክስን ፐርሚሽን አይዙም። ጊት እዚያ ላይ ሲነሣ ኮር.ፋይልሞድን ፎልስ ያደርገዋል። ባለቤትነቱም ስለሚምታታ ከ2.35.2 ወዲህ፣ ማለትም በኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 2014 በኋላ፣ «የፎልደሩ ባለቤት አጠራጣሪ ነው» ብሎ ሊከለክል ይችላል። ሙሉ ፎልደር በፍላሽ ማዞር ይቅርባችሁ። ባንድል ተጠቀሙ፦

ጊት ባንድል ክሪዬት ዋጋ.ባንድል --ኦል

ይሄ ሙሉውን ታሪክ አንድ ፋይል ያደርገዋል። ልጁ ፍላሹን ሰክቶ ባንድሉን ወደራሱ ማሽን ይገለብጥና ከሱ «ጊት ክሎን» ያደርጋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ «ጊት ፑል» ብቻ። «ሁክስ» ፎልደሩ አብሮ ይሄዳል፣ ሁክስፓዙ የተጻፈበት ኮንፊግ ግን በባንድል አይሄድም፣ ስለዚህ ሴትአፑን አንዴ ማስኬድ ይጠበቅበታል።

የኮምፒውተር_መምህር፦

ጥሩ ውይይት ነው። የዊንዶውሱ ጥያቄ አልተመለሰም፣ እሱን ልውሰድ። ሁካችሁ የፋይል ዝርዝር የሚያገኘው በየትኛው ትእዛዝ ነው? ወደዚያ የሚሄዱትን ሦስት አራት መስመሮች ለጥፉልኝ።

የጠባሴ_ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ መምህር። «ጊት ዲፍ --ካሽድ --ኔም-ኦንሊ» ነው የሚለው፣ ከዚያ በፎር ሉፕ አንድ በአንድ ለፓይተን ስክሪፕቱ ይሰጣል። አሁን የኔም ማሽን ላይ ሁኩ ስለተነሣ ያው ኤረር መጣብኝ። «አንኮበር» በሚለው ፈንታ የሚያሳየኝ በጥቅስ ውስጥ \341\212\240 ብሎ የሚጀምር ረጅም የቁጥር ሰልፍ ነው። ፎንት ነው ብዬ ነበር የጠረጠርኩት።

የኮምፒውተር_መምህር፦

ፎንት አይደለም። ያየሽው «አ» የምትለዋ ፊደል ናት። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ ጊት ደግሞ ከአስኪ (ከእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት) ውጭ የሆነ ባይት በፋይል ስም ውስጥ ካገኘ በኦክታል (በስምንት መሠረት) ቁጥር ጽፎ ስሙን በጥቅስ ይከበዋል። ሌሎቹም ፊደሎች በ341 ነው የሚጀምሩት፣ ዘርዝረሽ ብታዪ ታገኚዋለሽ። ኮር.ኮትፓዝ የሚባል ኮንፊግ ነው ይህን የሚያደርገው፣ ሳይነካ ከተተወ ትሩ ነው። ስክሪንሽ ላይ ሲታይ ያስቀይማል እንጂ ጉዳት የለውም። ሁክሽ ግን ያንን ጽሑፍ እንዳለ ወስዶ በዚያ ስም ፋይል ይፈልጋል። እንደዚያ የሚባል ፋይል የለም።

ኮትፓዝን ፎልስ ማድረግ ይቻላል፣ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆማል። ለናንተ ግን አይበቃም። «መንዝ ጌራ» ክፍተት አለው። «ባሶና ወራና» ክፍተት አለው። ፎር ሉፕ ክፍተት ላይ ስለሚቆርጥ «መንዝ» አንድ ፋይል፣ «ጌራ» ሌላ ፋይል ይሆንባችኋል። የኛ አገር የወረዳ ስም ደግሞ ባለ ሁለት ቃል የሆነ ብዙ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ ይሄ ነው፦

ጊት ዲፍ --ካሽድ --ኔም-ኦንሊ --ዲፍ-ፊልተር=ኤሲኤም -ዜድ | ኤክስአርግስ -0 -አር ፓይተን3 መርምር.ፓይ

በ«-ዜድ» ጊት ስሙን ሳይለውጥ፣ ጥቅስም ሳይጨምር እንዳለ ይሰጣል፣ በየስሙ መሃልም ናል ባይት ያስቀምጣል። ኤክስአርግስም በ«-0» በዚያው ይለያል። የማንኛውም ወረዳ ስም ያልፋል። ዲፍ-ፊልተሩ የተሰረዙ ፋይሎችን ያስቀራል፤ ያለዚያ አንድ ፋይል በሰረዛችሁ ቁጥር ሁኩ የለም ብሎ ይወድቃል።

ሌላ ደግሞ አደራ የምላችሁ፣ ስክሪፕታችሁ ዲስክ ላይ ያለውን ፋይል ነው ወይስ ስቴጅ የተደረገውን («ጊት አድ» ተብሎ ለኮሚት የተዘጋጀውን) የሚመረምረው? አንድ ሰው የተሳሳተ ዋጋ ጽፎ «አድ» ካደረገ በኋላ ፋይሉን አስተካክሎ ሳይደግም «አድ» ኮሚት ቢል፣ ዲስክ ላይ ያለው ትክክል ነው፣ ኮሚት የሚሆነው ግን ስህተቱ ነው። ሁኩ አይቶ ያሳልፈዋል። «ጊት ሾው» ብላችሁ ከስሙ በፊት ሁለት ነጥብ (:) ስታደርጉ ስቴጅ ላይ ያለውን ይሰጣችኋል፣ መርማሪው ያንን ያንብብ። ዋጋ የምታወጡ ከሆነ ይሄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል።

የጠባሴ_ልጅ፦

መምህር ይሄን የመጨረሻውን ማንም አላየውም ነበር። ስክሪፕቱ የሚያነበው ዲስክ ላይ ያለውን ነው። ዛሬውኑ እንቀይረዋለን።

ከአለም_ከተማ፦

እኔም በዚሁ ክር ልጠይቅ። የኛ ገና ክሎን ላይ ነው የሚሞተው። ትልልቅ የካርታ ፋይሎች በኤልኤፍኤስ (ለትልልቅ ፋይል በተሠራው የጊት ማከያ) አሉን። «አክቲቭ ፖስት-ቼክአውት ሁክ ተገኝቷል፣ ለደኅንነት ሲባል አይፈቀድም» የሚል ፌታል ኤረር ያመጣል። ሁክ አልጻፍንም! ጊታችን 2.45.1 ነው።

የሞላሌው፦

ወንድሜ ያንተ ስህተት የለበትም። ክሎን መጨረሻ ላይ ፋይሎቹን ሲያወጣ ፖስት-ቼክአውት ሁክ ካለ ይነሣል፣ ኤልኤፍኤስ ደግሞ ያን ሁክ ራሱ ያስገባል። በግንቦት 2016፣ በፈረንጅ ሜይ 2024 ማለት ነው፣ ክሎን ሲደረግ ተንኮለኛ ሪፖ ኮድ ሊያስኬድ የሚችልበት ቀዳዳ ተገኘና 2.45.1 ወጣ። ከጥገናው ጋር ተጨማሪ ጥበቃ ገብቶ ነበር፣ እሱ ነው የኤልኤፍኤስን ጤነኛ ሁክ የከለከለው። 2.45.2 ላይ ያ ተጨማሪ ጥበቃ ተነሥቷል፣ ዋናው ጥገና ግን አለ። ጊቱን አሳድገው፣ ሌላ ምንም አትንካ። ጥበቃውን በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ማጥፋትም ይቻላል ግን የማታውቀውን ሪፖ ክሎን ስታደርግ እንዳይለምድብህ። ወደ ድሮው ቨርዥን መመለስ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፣ ቀዳዳው እዚያ ነው ያለው።

ከአለም_ከተማ፦

አሳደግነው፣ ክሎኑ አለቀ። አመሰግናለሁ።

ጣርማበር_ዴቭ፦

እኔ አሁንም አንድ ነገር አለኝ። እሺ ኖ-ቬሪፋይ ልማድ ይሆናል ያላችሁት እውነት ነው። ግን የክላየንት (የላፕቶፑ) ሁክ ማንም ሊያልፈው ይችላል፣ ሴትአፕ ያላስኬደ ሰውም ሁኩ አይነሣለትም፣ ምክንያቱም ክሎን ሁክስፓዙን አያስገባም። ገበሬ የሚያየው ዋጋ ላይ የሚደረግ ምርመራ በሰው ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ፑሽ የምታደርጉበት የራሳችሁ ሰርቨር ካለ ያንኑ መርማሪ ፕሪ-ሪሲቭ ሁክ (ሰርቨሩ ፑሹን ከመቀበሉ በፊት የሚነሣ) አድርጉት። እዚያ የሚያልፈው የለም።

የኮምፒውተር_መምህር፦

ጣርማበር ልክ ነህ፣ ይሄ መጨመር አለበት። የላፕቶፑ ሁክ ሰውየው ስህተቱን ቶሎ እንዲያይ ነው፣ የሰርቨሩ ደግሞ በር ጠባቂው ነው።

ሰርቨር ላይ ስትሄዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ፕሪ-ሪሲቭ የሚነሣው ሪፖው ራሱ፣ ማለት ጊት ዲር ውስጥ ቆሞ ነው፤ ቤር ሪፖ (የጊት ታሪክ ብቻ ያለበት) ስለሆነ ዲስክ ላይ የሚነበብ ሲኤስቪ የለም። የድሮውን ኮሚት፣ የአዲሱን ኮሚትና የብራንቹን ስም በስታንዳርድ ኢንፑት ይቀበላል፣ ፋይሎቹን ከዚያ በጊት ሾው ታወጣላችሁ። መርማሪያችሁን ከዲስክ ሳይሆን ከጊት እንዲያነብ ካደረጋችሁት ትንሽ ነክታችሁ እዚህም ትጠቀሙበታላችሁ። አዲስ ብራንች ሲመጣ የድሮው ኮሚት በሙሉ ዜሮ ነው፣ ያንን ለብቻው ካልያዛችሁት ሁኩ እዚያ ላይ ይወድቃል። በተጨማሪም ጊት ሁክ ሲያስነሣ «ጊት_ዲር» የሚባለውን ቫሪያብል አስቀምጦ ነው። ፖስት-ሪሲቭ (ከፑሽ በኋላ የሚነሣው ሁክ) ውስጥ «ሲዲ» ብላችሁ ሌላ ፎልደር ገብታችሁ ጊት ፑል ብትሉ «ጊት ሪፖ አይደለም» ይላችኋል። ሪፖ ነው፤ ቫሪያብሉ ሌላ ቦታ እያመለከተ ነው። መጀመሪያ «አንሴት ጊት_ዲር» በሉ።

አንኮበሬው፦

ለማስታወስ ያህል፣ ሁኩን በተናጠል መሞከር ስትፈልጉ ኮሚት እያደረጋችሁ አትድከሙ። ከጊት 2.36 ጀምሮ «ጊት ሁክ ረን ፕሪ-ኮሚት» አለ። ከተርሚናል ሠርቶ ከኤዲተሩ በተን ሲወድቅ ደግሞ ችግሩ ፓዝ (ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ነው፤ ሁኩ ውስጥ አንድ መስመር ጨምራችሁ ፓዙን ወደ ፋይል አጽፉትና ሁለቱን አስተያዩ። ኖድን (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃውን) በኤንቪኤም የጫናችሁ ሰዎች በዚህ ነው የምትቸገሩት።

የጠባሴ_ልጅ፦

ለሁላችሁም ክብረት ይስጥልኝ። ሴትአፑ በነጠላ ቅንፍ ተቀይሯል፣ መጨረሻው ላይ ሁክስፓዙን አንብቦ ያረጋግጣል። ሁኩ 100755 ሆኗል፣ ጊትአትሪቢውትሱ ገብቷል። «መንዝ ጌራ» እና «ባሶና ወራና» በሦስቱም ማሽን አለፉ፣ ሆን ብለን በዋጋ ፈንታ ፊደል ያስገባንበት ፋይል ደግሞ ተከለከለ፣ ስቴጅ ተደርጎ ዲስክ ላይ የተስተካከለውም ጭምር። የሸዋ ሮቢቱ ልጅ ባንድሉን ወስዷል። የቀረን ፕሪ-ሪሲቩ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ መርማሪው ፓይተን ስክሪፕት በራሱ ሪፖው ውስጥ ነው ያለው፤ ሰርቨሩ ላይም ከሪፖው አውጥቶ ማስኬድ ይሻላል ወይስ ለብቻው ኮፒ ማስቀመጥ?

የኮምፒውተር_መምህር፦

ለብቻው ኮፒ አስቀምጪ። ሰርቨሩ ከመጣው ፑሽ ውስጥ መርማሪውን አውጥቶ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ፑሽ የሚያደርገው ሰው መርማሪውንም አብሮ መለወጥ ይችላል፣ ያኔ በሩን የሚጠብቀው የሚገባው ሰው ራሱ ይሆናል። መርማሪው ሲቀየር ሰርቨሩ ላይ ያለውን በእጅ የሚያድስ አንድ ሰው መድቡ።

የጠባሴ_ልጅ፦

ገባኝ፣ እንደዚያ እናደርጋለን። ፕሪ-ሪሲቩን ስንጨርስ ስክሪፕቱን እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ በወረዳ ስም ፋይል የምትሠሩ እንድትወስዱት።